ከግድግዳው ያልወረደው ጊዮርጊስ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰላም ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። «እማማ፣ ሁሉንም ጨርሻለሁ፣ የሚቀረው መምጣትሽ ብቻ ነው» አለች። ዕቅዱን አንድ በአንድ ዘረዘረችልኝ፤ ቅዳሜ በአውሮፕላን እንድመጣ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትንሽ ጋደም እንድል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ትልቁ ቤተ መዘክር ይዛኝ እንድትሄድ። ሰኞ ዝግ ነው አለች። ደረጃ ስላለው ጠፍጣፋ ጫማ አድርጊ አለች። የጎንደር ሥዕሎች ያሉበት ክፍል ላይኛው ፎቅ ነው፣ ቀስ እያልን እንወጣለን አለች። እኔም ጉልበቴን ያመኛል አልኋት። ዋሸሁ። ጉልበቴ ደኅና ነው፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ አራዳ ድረስ ወርጄ ሽንኩርት ገዝቼ ተመልሻለሁ። የማልሄደው እዚያ ላይኛው ፎቅ ምን እንደተሰቀለ ስለማውቅ ነው። ልጅቱ አኮረፈች፤ ታኩርፍ። እኔ ያን ቤት ለማየት አንድ ጊዜ ዕቅድ ሲወጣ አይቻለሁ፣ ይበቃኛል።

ያን ጊዜ በጎንደር ከተማ የሴቶች ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ አስተማሪ ነበርሁ። ጣልያን ከወጣ ቆይቷል፣ ጃንሆይ በዙፋናቸው ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቱን የሚቆጥር ይቁጠረው። እኔ የማስታውሰው ፒያሳን ነው። የሲኒማ ቤቱ ቀለም ገና አልተላጠም። ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብሎ ፉርኖ ቤት ነበር፤ አምስት ሳንቲም ይዞ የሄደ ሰው ጣት የሚያቃጥል ዳቦ ይዞ ይወጣል። ከዚያ ቀጥሎ የአረቡ ሱቅ፤ አቡጀዲ በክንድ ለክቶ ሲቀድ ድምፁ ከመንገድ ማዶ ይሰማ ነበር። እኔ ሽንሽን ቀሚስ ለብሼ፣ ነጭ ሸራ ጫማ አድርጌ፣ ቦርሳዬን በክንዴ አንጠልጥዬ ስወርድ ጎረምሳው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ነበር። አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል፤ ባለትዳር ብሆንስ ዓይን የለኝም እንዴ! ዛሬ በዚያው መንገድ ስሄድ ባለባጃጁ «እማማ፣ ዳር ያዙ» እያለ ይጮህብኛል።

አባቴ አድማሱ ይባላል። ልጅ አዋቂው አያ አድማሱ ነበር የሚለው። የቤተ ክርስቲያን ሥዓሊ ነው፤ አገሩ በአይከል መንገድ፣ ከከተማው የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። የዚያች አገር ደብር ጊዮርጊስ ናት፤ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ጥንታዊ የጊዮርጊስ ሥዕል ነበረ። የድሮ ሰዎች ግድግዳው ላይ አይሥሉም ነበር፤ ጨርቅ ላይ ሥለው በቆዳ ሙጫ ነበር የሚለጥፉት። ፈረሱ ነጭ ነው፣ ልጓሙ ቀይ። ከፈረሱ እግር ሥር ደግሞ አንዲት ሴት በግንባሯ ተደፍታለች፣ በጀርባዋ ሕፃን አዝላለች። መካን ሆና ኖራ ተስላ የወለደች የጥንት ወይዘሮ ናት፣ ሥዕሉንም ያሠራችው እሷ ናት ይላሉ። ዓመቱን ሙሉ መጋረጃ ይጋረድበታል፤ የሚያዝያ ጊዮርጊስ ዕለት መጋረጃው ሲገለጥ ልጅ ያጣች ሴት ሁሉ ትገባና የሕፃኑን ራስ ትስማለች። ከመሳም ብዛት የሕፃኑ ራስ ቀለሙ ለቆ ነጭ ሆኖ ነበር። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ አልወልድ ብዬ፣ የባሌ ዘመዶች ማንሾካሾክ ሲጀምሩ ሄጄ ሳምሁት። በዓመቱ ወለድሁ፣ የሰላምን አባት።

እንግዲህ አንድ ቀን አስካለ የምትባል አስተማሪ ባልደረባዬ ከአዲስ አበባ ኮርስ ተመልሳ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አሳየችን። ቤተ መዘክሩ ያሳተማት ናት፣ ሥዕሎቹ በፎቶግራፍ ተነሥተው የገቡባት። ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ጊዮርጊስ ብቅ አለ። ፈረሱ፣ ቀዩ ልጓም፣ የተደፋችው ሴት፣ ያዘለችው ሕፃን፣ ተስሞ ተስሞ የነጣው ራሱ ሳይቀር! ከሥሩ «ከጎንደር አካባቢ የተገኘ፣ በቤተ መዘክሩ የተቀመጠ» ይላል። ልብ ቢኖረኝ ኖሮ እዚያው እዘጋት ነበር። እኔ ግን ለምኜ ወሰድኋትና በማግሥቱ ልጄን አዝዬ በጭነት ማኪና ወደ አባቴ አገር ገሰገስሁ። የደረስሁት ከሰንበት ቅዳሴ መውጫ ላይ ነው፤ ቀጥ ብዬ ሄጄ ለአለቃ ተገኝ ሰጠኋቸው።

አለቃ ተገኝ የደብሩ አለቃ ናቸው፣ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ በሕግ ጉዳይ የእናታቸውን ልጅ የማይምሩ ሰው። በጣልያን ጊዜ ለአርበኞች ስንቅ አቀበልህ ተብለው ታስረው፣ ስቅላት ተፈርዶባቸው ነበር። መሰቀላቸውን ሲጠብቁ አንድ ቀን ጠዋት በሩ ተከፈተና «ውጣ» ተባሉ። ለምን እንደተፈቱ የነገራቸው የለም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሚያዝያ ጊዮርጊስ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ዋርካ ሥር ቆመው ይህን ታሪክ ይሰብካሉ፤ «የእስር ቤቱን በር የከፈተልኝ ጊዮርጊስ ነው» ሲሉ አገር ምድሩ ያለቅሳል። እኔም ስንት ጊዜ አልቅሻለሁ!

መጽሐፏን ተቀብለው አዩ፣ ደግመው አዩ። ቄሶቹ ተሰበሰቡ። «የኛው ነው» አለ አንዱ። «የኛውማ ግድግዳው ላይ ነው፣ አሁን አጥኜው ወጣሁ እኮ» አለ ሌላው። ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው እንዳለ ተጠያየቁ፤ ማንም አልመጣም። በአዲስ አበባ አለ፣ በኛም አለ። ይህን ጊዜ አለቃ ተገኝ መጽሐፏን ወደ ላይ አነሡ። «በሁለት ቦታ ተገለጠ!» አሉ። ደወል ተደወለ፣ እልልታው ቀለጠ። እኔ ቂሏም አብሬ እልል አልሁ። አባቴ ከቤቱ ጩኸቱን ሰምቶ ሲመጣ መጽሐፏን ሰጡት። ትንሽ አየና ዘግቶ ለኔ መለሰልኝ። «ሸጋ ነው» አለ። ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በእግሩ ነው የመጣው። «አባባ፣ ምነው ቆምህ? ግባ እንጂ» አልሁት። ገባ፣ አልተቀመጠም።

«ትርንጎ፣ ያ መጽሐፉ ላይ ያለው እውነተኛው ነው» አለ።

«የትኛው?»

«የጥንቱ። ቤተ ክርስቲያን ያለው የኔ ነው። እኔ ነኝ የሣልሁት።»

ከዚያ በኋላ የነገረኝን ቆሞ ነው የነገረኝ። አንድ ሥዕል የሚወድ የጣልያን ሹም ነበረ፤ ሦስት ጊዜ እየመጣ ጊዮርጊስን አይቷል። ተገኝ ሲፈረድበት አባቴ ሊለምን ሄደ። ሹሙ በአስተርጓሚ «ሥዕሉን አምጣና ሰውየህን ውሰድ» አለው። አባቴ ሥዕሉ እድፍ በልቶታል፣ ላጽዳው ብሎ ከመጋረጃው ጀርባ ገባና ቅጂውን ሣለ። በዚያ ጊዜ አቡጀዲ ከየት ይምጣ? የጣልያን የዱቄት ከረጢት ፈቶ፣ ሰፍቶ፣ በዚያ ላይ ነው የሣለው። የሕፃኑን ራስ እንኳ በእርጥብ ጨርቅ ፈትጎ ፈትጎ አነጣው። የጥንቱን ልጦ አወረደና የራሱን ለጠፈ። ተገኝ በማግሥቱ ተፈታ። «ሥዕሉ ባሕር ተሻገረ፣ ከዚያ አይመለስም ብዬ ነበር» አለ። ጣልያኑ ተሸንፎ ሲፈረጥጥ ጓዙን ጥሎ እንደሄደ በምን ይወቅ!

«አለቃ ያውቃሉ?» አልሁት።

«እሱ ጊዮርጊስ ነው የፈታኝ ይላል። ምን ብዬ ልንገረው?»

«እንግዲያ እኔ የሳምሁት…» ብዬ ጀመርሁ።

«የኔን ነው የሳምሽ» አለና አንገቱን ደፋ። አባቴ ሲያፍር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በበኩሌ ያንኑ የአባቴን ሥዕል ስሜ ነው የወለድሁ፤ የሚከራከረኝ ካለ ልጄን አሳየዋለሁ። ያን ዕለት ግን እንዲህ የምልበት አንደበት አልነበረኝም። ቅዱስ ሸጦ አገር ሲያታልል የኖረ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ፤ አለቃ ተገኝ ይገዝቱታል። የተገዘተ ሰው ቤት እሳት የሚጭር የለም፣ ልጅ የሚያስጠምቅለት የለም፣ ሲሞትም የሚፈታው የለም። እናቴ የተቀበረችው እዚያ ደብር ነው፤ አባቴ ከጎኗ እንዳይቀበር ሊሆን ነው። «አይዞህ አባባ፣ መንገዱን አስቀረዋለሁ» አልሁት።

መንገዱ የምለው፣ አለቃ አገሩን ሰብስበው ወደ አዲስ አበባ ሊወርዱ መነሣታቸውን ነው። መጀመሪያ ሦስት ሰው ነበር የሚሄደው። በሳምንቱ አሥር ሆነ፣ በወሩ ሠላሳ። አንዱ በሬውን ማክሰኝት ነድቶ ሸጠ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጠቡ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጁ፣ ባዶ እግሩን የኖረው ሁሉ ከአይከል ገበያ በረባሶ ገዛ። በየሰንበቱ ከዋርካው ሥር እየተሰበሰቡ ያቅዳሉ፤ ፊደል የቆጠረች ተብዬ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንዲት አሮጊት «ቤተ መዘክር የማን ደብር ነው? አለቃውስ ማን ይባላል?» አለችኝ። አለቃ የለውም፣ ዘበኛ ነው ያለው አልኋት። «ጫማ የሚያወልቁት ከደጅ ነው ከውስጥ?» አለኝ ሌላው። ከነጫማ ነው የሚገባ ብዬ እርፍ። ጉድ ፈላ! «ጊዮርጊስ ባለበት ከነጫማቸው!» ብለው አማተቡ። ሄደን ልንነግራቸው ይገባል ተባለና አምስት ሰው ተጨመረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። አባቴ ግን ከሰዎቹ መካከል ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል።

ያልሞከርሁት ነገር የለም። ዓባይ በረሃ አውቶቡስ ይገለበጣል አልሁ፤ «ጊዮርጊስ ባለበት መንገድ?» አሉኝ። ያለ ፈቃድ ወረቀት አያስገቡም አልሁ፤ አለቃ ወረዳ ሄደው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘው መጡ። በመጨረሻ ጨነቀኝና ያን የማይረሳኝን ነገር ተናገርሁ። «እንዲያው የኛ ነው ትላላችሁ እንጂ ያው መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ሁለቱን ጎን ለጎን ያላየ ሰው ምን ሊል ይችላል?» አልሁ። አለቃ ተገኝ አዩኝ፣ ፊታቸው በራ። «እውነትሽን ነው ልጄ። ጎን ለጎን እናደርጋቸዋለን» አሉ። ወደ አባቴ ዞሩና «አድማሱ፣ አንተ ከግድግዳው ታወርደዋለህ። ከአንተ በቀር እጁ የሚችል የለም። ጠቅልለን ይዘነው እንሄዳለን» አሉት።

አባቴም «እሺ» አለ።

ምላሴን በቆረጠው! ከግድግዳው ሲላጥ ጀርባው ይታያል፤ ጀርባው የጣልያን ዱቄት ከረጢት ነው፣ ማኅተሙ ቁልጭ ብሎ። አባቴ እንደ ወትሮው መንገዱን እየመራ ወደ ቤት ወሰደኝ። ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ በወደድሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልወርድለት አለ። ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ እየሄደ ይቅርታ ይጠይቅ ጀመር፤ «አያ አድማሱ፣ ምን በድለኸን?» ሲሉት «የማላውቀው ይኖራል» ይላል። ሰው እንዲህ የሚያደርገው ሞቱ ሲታየው ነው። እኔ ከተማ ሆኜ ልጆቹን ጥልፍ ሳስተምር መርፌው ጣቴን ይወጋኛል። ፒያሳ ያለው ቡና ቤት ድምፅ ማጉያ በበሩ ላይ ሰቅሎ ያን ሰሞን አንዲት የሠርግ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይለቃት ነበር፤ ከተማው በሙሉ ያፏጫታል። እኔ በዚያ በኩል ላለማለፍ በጀርባ መንገድ እዞር ነበር። ዛሬም አንዳንድ ቀን በራዲዮ ትመጣለች፣ ተነሥቼ እዘጋዋለሁ።

መንገዱ ለቅዳሜ ተቀጠረ። ሥዕሉ የሚወርደው ሐሙስ ነው። ረቡዕ ዕለት ሄጄ «አባባ፣ ንገራቸው፣ ሳያዩት ንገራቸው» ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። «ነገ ሥዕሉ ራሱ ይነግረዋል» አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሰዉ ቅጥሩን ሞልቶ መዝሙር ይዟል። ወደ ውስጥ የገባነው ሦስት ብቻ ነን፤ አለቃ፣ አባቴ፣ እኔ። ጨርቅ ታውቃለች ተብዬ ፍል ውኃ የያዘ ማንቆርቆሪያ ተሸክሜያለሁ። አባቴ መሰላሉ ላይ ወጣ። የላይኛውን ጠርዝ በፍል ውኃ እያራሰ፣ በደነዘ ቢላዋ እያላቀቀ መላጥ ጀመረ። የሙጫው ሽታ ቤቱን ሞላው፤ የረጠበ ቆዳ ሽታ ነው፣ ዛሬም ይሸተኛል። አለቃ መሬት እንዳይነካ ብለው ክንዳቸውን ዘርግተው ቆሙ። ጨርቁ እየተላጠ መጥቶ ክንዳቸው ላይ ታጠፈ። ጀርባው ወደ ላይ ሆነ።

ጥቁር የላቲን ፊደል፣ ከበላዩ የዘውድ ማኅተም።

አለቃ አዩት። ከውጭ መዝሙሩ ይሰማል። «ይህን ማኅተም አውቀዋለሁ» አሉ። «እስር ቤት የሚያስተኙን በዚህ ከረጢት ላይ ነበር።»

አባቴ ከመሰላሉ ወረደና ተንበረከከ። «ላንተ ብዬ ነው ተገኝ» አለ። ያለ ማዕረጋቸው ሲጠራቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። «ሊሰቅሉህ ነበር። ሥዕሉን አምጣና ውሰደው አሉኝ። ሰጠኋቸው።»

እኔ ግዝቱን እየጠበቅሁ ነበር። ማንቆርቆሪያው እጄን ያቃጥለኛል፣ አላስቀመጥሁትም። አለቃ ግን ሌላ ነገር ጠየቁ።

«በየዓመቱ ስሰብክ… በሩን ጊዮርጊስ ከፈተልኝ ስል፣ አንተ ቆመህ ትሰማኝ ነበር?»

«እሰማህ ነበር።»

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ።»

አለቃ ጨርቁን ቀስ አድርገው ወደ ግድግዳው መለሱና በመዳፋቸው ደገፉት። «ለጥፈው» አሉ። «ለጥፈውና ስማኝ። ገዝቼሃለሁ፤ ይህን ነገር ለማንም እንዳትናገር። እነዚህ ሰዎች ሌላ ምን አላቸው?» እኔን ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። ግዝቱ አባቴን ነው የያዘው፣ እኔን አልያዘኝም፤ ይኸው ዛሬ የማወራው ለዚህ ነው።

ወጡና ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው «ጊዮርጊስ ከቦታዬ አልወርድም ብሏል። መንገዱ ቀርቷል» አሉ። ሰዉ ያዝናል ብዬ ስፈራ፣ ከፊተኛው የበለጠ እልልታ ሆነ። ይኸኛው ተአምር ከዚያኛው በለጠባቸው። ያን ሁሉ በሶና ዳቦ ቆሎ እዚያው ቅጥሩ ውስጥ ተካፍለው በሉት። አባቴ ቤቱ ገብቶ ተኛ። እኔም ከእግሩ ሥር ተቀምጬ ተረፍን፣ ተመስገን አልሁ። የሞኝ ነገር! ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በቀጣዩ እሑድ አለቃ ተገኝ ወደ መቅደስ አልገቡም። አሟቸው ነው ተባለ። በሚቀጥለውም አልገቡም። ከቅጥሩ በር አጠገብ፣ ንስሐ ያላቸው ሰዎች ከሚቆሙበት ቆመው አስቀደሱ። ቅዳሴውን ሌላ ቄስ ያዘ፣ አለቅነቱንም ተዉት። ከዚያ ወዲያ ሲቆርቡ ያየ የለም። በሚያዝያ ጊዮርጊስም አልሰበኩም። ሰዉ «እንዴት ያለ ትሕትና ነው፣ ሰውየው እኮ ጸድቀዋል» ይል ጀመር። ሴቶች እግራቸውን ሊስሙ ሲመጡ እሳት እንደነካው ሰው ይሸሻሉ። አባቴ አንድ ቀን አልቻለም፣ በዝናብ እዚያ በር ላይ ቆመው ሲያያቸው ሄዶ ክንዳቸውን ያዘ። እኔም አብሬው ነበርሁ።

«ተገኝ፣ ግባ እንጂ። ኃጢአቱ የኔ ነው፣ አንተ ምን አደረግህ?» አለ።

«በምን ልግባ አድማሱ? ይህ የምተነፍሰው ትንፋሽ የጊዮርጊስ ዋጋ ነው» አሉት። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ምነው ያን ጊዜ ብትተወኝ!»

አባቴ ግዝቱ አንደበቱን ስላሰረው ለሰዉ ወጥቶ እኔ ነኝ ማለት አልቻለም። ቢፈቱት ኖሮ ዋርካው ላይ ወጥቶ ይጮኸው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ፍቱኝ ብሎ ለምኗቸዋል፣ አልፈቱትም። ብሩሽ መያዝ ተወ። ማንም አልቀጣውም፣ ጎረቤቱ እንደ ድሮው አያ አድማሱ ይለዋል፣ ሠርግና ተዝካር ይጠሩታል። እሱ ግን በየሰንበቱ ዝናብም ይሁን ፀሐይ ወደዚያ በር ይወጣና ጓደኛው ቆሞ ያየዋል።

ስድስት ክረምት እንዲህ ሆነ። ከዚያ አለቃ ተገኝ አረፉ። ቄሶቹ ከመቅደሱ ጎን መቃብር ሊያስቆፍሩ ሲሉ ኑዛዜያቸው ተነበበ፤ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከብት ከሚያልፍበት መንገድ ዳር ቅበሩኝ ይላል። አልቃሹ ይህን ሲሰማ እንደገና ፈነዳ። «እስከ ሞታቸው ድረስ እንዴት ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ!» እየተባለ ደረት ተመታ። አባቴ አላለቀሰም። ጉድጓዱ ሲሞላ ድንጋዩን እያቀበለ ቆየ፤ ሲያልቅ ክንዱን ይዤ ወደ ቤት ወሰድሁት። ወንዙ ጋ ስንደርስ ቆመ።

«ያን ጊዜ ጣልያን ቢሰቅለው ኖሮ» አለኝ፣ «ሰማዕት ነው ተብሎ ከመቅደሱ ሥር ይቀበር ነበር።»

ከኋላችን ሰዎች እየመጡ ነበርና ዝም በል አልሁት።